አንድ ፕሪአምፕ ስንት አምፕሊፋየር ይሸከማል?

በዲፓርትመንታችን ውስጥ የድምፅ መሣሪያ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የሚያከራክረን አንድ ጥያቄ አለ። ከአንድ ፕሪአምፕሊፋየር ሁለት ወይም ሦስት ፓወር አምፕሊፋየር ማገናኘት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ግማሹ ተማሪ "ድምፁ ለሁለት ይከፈላል፣ ይደክማል፣ እንዳትሞክረው" ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ "ጃኩ ከገባ ይሠራል፣ ምን ችግር አለው?" ብሎ ይሰካል። እኔ እንደማምነው ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን መልሱ ሁላችንም ፈተና ወስደን ባለፍነው የሰርኪዩት ኮርስ ደብተር ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ሙዚቃ ወዳዶችን ብቻ አስቤ አይደለም። ነገሩ ሦስት ቦታ ይነካል። አንደኛ የሰዎችን ኪስ፤ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ እንዲገዛ ይመከራል። ሁለተኛ የሰዎችን ሕይወት፤ ወደ ኋላ እንደማስረዳው መሣሪያ ሲበዛ አደጋውም አብሮ ይበዛል። ሦስተኛ የእኛን ትምህርት፤ ቀመሩን በቃላችን እያነበነብን ከቤታችን ዕቃ ጀርባ ስንቆም ግን እንደማንኛውም ሰው የምንገምት ከሆነ ምኑን ተማርነው?

ከመሠረቱ እንነሳ። ፕሪአምፕ ከሲዲ፣ ከሬዲዮ ወይም ከሸክላ ማጫወቻ ከሚመጡት ሲግናሎች አንዱን መርጦ፣ መጠኑን አስተካክሎ ለፓወር አምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ሳጥን ነው። የሚያቀብለው መልእክት እንጂ ጉልበት አይደለም። ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰውን ጉልበት ፓወር አምፕሊፋየሩ ራሱ ከግድግዳው ሶኬት ይወስዳል። አንድ ሰው ሲናገር አምስት ሰው ስለሰማው ድምፁ ለአምስት አይካፈልም፤ ከአድማጮቹ አንዱ ተነስቶ የተናጋሪውን ጉሮሮ ካልያዘው በስተቀር ማለቴ ነው። እንግዲህ ጥያቄው "አድማጩ ስንት ነው?" ሳይሆን "ጉሮሮ የሚይዝ አድማጭ አለ ወይ?" የሚል መሆን አለበት።

ይህንን በቁጥር ለማየት ቴቨኒን ይበቃናል። ፈረንሳዊው የቴሌግራፍ መሐንዲስ ቴቨኒን ቲዎረሙን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ ሄልምሆልትዝ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ በ1853 ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቲዎረሙ እንደሚለው የፈለገውን ያህል የተወሳሰበ ሊኒየር ሰርኪዩት ከውጭ ሲታይ አንድ የቮልቴጅ ምንጭና ከሱ ጋር በተከታታይ የተያያዘ አንድ ኢምፒዳንስ ነው። የፕሪአምፑ መውጫም (አውትፑት የምንለው) ይኸው ነው። ፓወር አምፕሊፋየሩ ደግሞ በዚህ ምንጭ ላይ የተንጠለጠለ ሬዚስተር ነው ማለት ይቻላል።

አሁን የተለመዱ ቁጥሮችን እንውሰድ። የፕሪአምፑ የመውጫ ኢምፒዳንስ 600 ኦም ይሁን፤ ብዙ ትራንዚስተር ፕሪአምፖች ከዚህም ያነሰ አላቸው። የፓወር አምፕሊፋየሩ የመግቢያ ኢምፒዳንስ 47 ኪሎ ኦም ይሁን። አንድ አምፕሊፋየር ሲሰካ የሚጠፋው ሲግናል 0.11 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሲሰኩ 47 ኪሎ ኦሙ 23.5 ኪሎ ኦም ይሆንና የሚጠፋው 0.22 ዴሲቤል ይሆናል። ሦስት ሲሆኑ 0.33፣ አራት ሲሆኑ 0.43። በሌላ አነጋገር ከአንድ ወደ አራት ስንሄድ ለውጡ አንድ ሦስተኛ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ይህን ጆሮ አይለየውም። ታዲያ "ድምፁ ለሁለት ይከፈላል" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ስፒከርን ከፓወር አምፕሊፋየር ጋር ከማገናኘት የመጣ ነው። እዚያ ጭነቱ 4 እና 8 ኦም ስለሆነ ስፒከር መደራረብ በእርግጥ አደገኛ ነው። የአንዱን ሕግ ለሌላው አዋስነው ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የተለመደው ሕግ ቀላል ነው። ሁሉም መግቢያዎች በፓራለል ተደምረው የሚሰጡት ኢምፒዳንስ ከመውጫው ኢምፒዳንስ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። ልክ አሥር እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው 0.83 ዴሲቤል ነው፤ ሃያ እጥፍ ሲሆን ወደ 0.42 ይወርዳል። ድሮ በስልክ መስመር ላይ ሁለቱን ወገን በ600 ኦም እኩል ማድረግ ልማድ ነበር፤ ለረጅም መስመር ምክንያት ነበረው። በቤት ውስጥ ባለ የሁለት ሜትር ኬብል ግን ያንን ልማድ ይዘን የምንሄድበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ "ጃኩ ከገባ ይሠራል" ባዮቹ ደስ ብሏቸው ይሆናል። አይቸኩሉ። አሥር እጥፍ የሚለው ሕግ የሚፈርስባቸው ቦታዎች አሉ፤ ጃኩ ደግሞ እነዚህን አይነግረንም። የአርሲኤ ጃክ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያገለገለ ጥሩ ፈጠራ ነው፤ ጥፋቱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። መግቢያውም መውጫውም፣ ጠንካራውም ደካማውም መልካቸው አንድ ነው።

የመጀመሪያው መፍረሻ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ትልቅ ሲሆን ነው። አንዳንድ የቱቦ (ቲዩብ) ፕሪአምፖች ያለ መከላከያ ደረጃ በቀጥታ ከቱቦው ፕሌት የሚወጡ ሲሆን፣ የመውጫ ኢምፒዳንሳቸው ብዙ ኪሎ ኦም ይደርሳል። ቮልዩም ብቻ ያለው ኃይል አልባ ፕሪአምፕም እንዲሁ ነው። የመውጫው 5 ኪሎ ኦም፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ቢሆን በአንዱ ብቻ 3.5 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ጥፋቱ 6 ዴሲቤል ይሞላል። እዚህስ ያ "ይከፈላል" የተባለው ነገር እውነት ሆነ።

ሁለተኛው የኬብል ርዝመት ነው። የተለመደ የድምፅ ኬብል በአንድ ሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ አለው። አንዱ ኬብል ወደ ሳሎን፣ ሌላው ወደ መኝታ ቤት ቢሄድም በፕሪአምፑ ዓይን ሁለቱ በፓራለል ናቸው፣ ይደመራሉ። ሁለት ባለ 10 ሜትር ኬብል 2000 ፒኮፋራድ ነው። መውጫው 600 ኦም ከሆነ የላይኛው ድምፅ መውደቅ የሚጀምረው ከ130 ኪሎ ሄርዝ በላይ ነው፤ ማን ይሰማዋል? መውጫው 5 ኪሎ ኦም ከሆነ ግን ወደ 16 ኪሎ ሄርዝ ይወርድና ጽናጽሉ መደብዘዝ ይጀምራል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚረሳው ነው፤ በመውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር። ይሄን በአንድ ጓደኛዬ ቤት ነው ያየሁት። አሮጌ ፕሪአምፑ ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር ለዓመታት ደህና ሲሠራለት ቆይቶ ሰብዉፈር የሚያንቀሳቅስ ሁለተኛ አምፕሊፋየር የጨመረለት ቀን ባሱ ጠፋ። ልብ በሉ፣ ባስ እንዲጨምርለት ብሎ ነው የገዛው! የዕቃ ሻጩ መልስ "ስፒከሮችህ ደክመዋል፣ ቀይራቸው" የሚል ነበር። ከፍተን ስናየው የመውጫው ካፓሲተር 0.47 ማይክሮፋራድ፣ የመጀመሪያው አምፕሊፋየር መግቢያ 47 ኪሎ ኦም፣ የአዲሱ ደግሞ 10 ኪሎ ኦም ነበር። በመጀመሪያው ብቻ ሲሆን ባሱ መውደቅ የሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ 7 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ከጆሮ በታች ስለሆነ ማንም አያውቀውም። ሁለቱ በፓራለል ሲሆኑ ጭነቱ 8.2 ኪሎ ኦም ይሆንና ፍሪኩዌንሲው ወደ 41 ሄርዝ ይዘላል። የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 41 ሄርዝ ገደማ መሆኑን ያስታውሷል። እዚያ ላይ 3 ዴሲቤል ጎደለ፣ ከዚያ በታች ደግሞ እየባሰ ይሄዳል። መፍትሔው 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መቀየር ብቻ ሆነ፤ ፍሪኩዌንሲው ወደ 4 ሄርዝ ተመለሰ። ስፒከሮቹ ዛሬም ይሠራሉ። አንድ ሰው ሙሉ የስፒከር ዋጋ ሊያወጣ የነበረው ሁላችንም የምናውቀውን የአርሲ ቀመር የሚያሰላለት ስላጣ ነው።

ሌላው ነገር በፕሪአምፑ ጀርባ ያሉት መውጫዎች ሁሉ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዋና መውጫ 1 እና 2 የሚሉት በብዙ መሣሪያ ላይ ውስጥ ለውስጥ በአንድ ሽቦ የተገናኙ ናቸው። ስለዚህ "ባለ ሁለት መውጫ ስለሆነ ለሁለት አምፕሊፋየር የሚበቃ ነው" ማለት አያስኬድም፤ ከአንዱ መውጫ በባለ ሁለት ቅርንጫፍ ኬብል ማውጣትና ሁለቱን መጠቀም ልዩነት የለውም። ለማወቅ ከፈለጋችሁ መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ በመልቲሜትር የሁለቱን ጃክ መሃለኛ ፒኖች ለኩ። ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ አንድ ናቸው። የመቅጃ (ቴፕ) መውጫ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የሚወጣው ከቮልዩሙ በፊት ነው። እሱ ላይ ፓወር አምፕሊፋየር የሰካ ሰው ቮልዩም በሌለው መኪና ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው እንደረገጠ ይቁጠረው፤ የመጀመሪያው ዘፈን ስፒከሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። በተጨማሪም በብዙ መሣሪያ ይህ መውጫ መከላከያ ደረጃ የለውም። የተሰካበት መቅጃ ሲጠፋ የመግቢያው ሴሚኮንዳክተሮች ሲግናሉን እየቆረጡ በዋናው ድምፅ ላይ መዛባት የሚያመጡበት ጊዜ አለ።

እስካሁን የተናገርኩት አንዱን ለብዙ ስለማከፋፈል ነው። ሁለት መውጫዎችን አንድ ላይ ማሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም፤ በቀጥታ አይታሰርም። ብዙ ሰው ለሰብዉፈር ብሎ የግራና የቀኙን መውጫ በዚያው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ኬብል ገልብጦ ያስራቸዋል። ሁለቱም 100 ኦም ቢሆኑና በግራ 2 ቮልት፣ በቀኝ ዝምታ ቢኖር፣ የቀኙ መውጫ ለግራው ጭነት ይሆንበታል። በ47 ኪሎ ኦም ጭነት 0.043 ሚሊ አምፕ ይሰጥ የነበረው መውጫ አሁን 10 ሚሊ አምፕ ይጠየቃል፣ ከ200 እጥፍ በላይ! ሲግናሉም በግማሽ ይወርዳል። ያ ነው እንግዲህ ጉሮሮ የሚይዘው። ትክክለኛው መንገድ ከእያንዳንዱ መውጫ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አሳልፎ ከዚያ በኋላ ማገናኘት ነው። በዚህ መንገድ ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው የሚሾልከው 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሬዚስተሩን 1 ኪሎ ኦም ብናደርገው ወደ 4.5 በመቶ ያድግና ስቴሪዮው ይጠባል። ሁለት ሬዚስተር ስንት ነው? ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። ሁለተኛ አምፕሊፋየር ሲጨመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ የ50 ሄርዝ እምምታ ነው። ምክንያቱ የግራውንድ ቀለበት ነው። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች በየራሳቸው ሶኬት ከኧርዝ (ከምድር መስመር) ጋር ይገናኛሉ፣ በኬብሎቻቸው ሽፋን ደግሞ በፕሪአምፑ በኩል ይገናኛሉ። ቀለበቱ ሞላ፣ በውስጡ ትንሽ ከረንት ዞረ፣ ድምፅ ሆነ። ታዲያ በየቦታው የሚሰጠው ምክር ምንድነው? "የኧርዙን ሽቦ ቁረጠው፣ ጸጥ ይላል።" እውነት ነው፣ ጸጥ ይላል። ግን በምን ዋጋ?

የኧርዝ ሽቦ ሥራው አንድ ነው። በሳጥኑ ውስጥ 220 ቮልት የተሸከመው ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ከረንቱ በኧርዙ በኩል ሄዶ ፊውዙን ወይም ብሬከሩን እንዲጥል ነው። ተቆርጦ ከሆነ ምንም አይወድቅም፤ ብረቱ 220 ቮልት ይዞ ሰው ይጠብቃል። ከአንድ በላይ መሣሪያ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። የድምፅ ኬብሉ ሽፋን ብረት ነው፤ የአንዱን ሳጥን ብልሽት ወደ ፕሪአምፑ፣ ከፕሪአምፑ ወደ ሌላው አምፕሊፋየር፣ ወደ ሲዲ ማጫወቻው ሁሉ ያደርሰዋል። ብልሽቱ ያለው መኝታ ቤት ውስጥ፣ የሚነካው ልጅ ግን ሳሎን ውስጥ። መውጫ በበዛ ቁጥር የተገናኘው ብረት ይበዛል ያልኩት ይህንን ነው። ባለ ሁለት ሽፋን ሆነው የተሠሩና ሲፈጠሩ ኧርዝ የሌላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ በጀርባቸው አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ ምልክት ታያላችሁ። እነሱ በዲዛይን ነው። በፒንሳ ከተቆረጠው ጋር ማምታታት አይገባም።

እምምታውን ለማጥፋት ሌላ መንገድ ሞልቷል። ጭነቱን እስከቻለ ድረስ ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት በተዘረጋ ባለብዙ ሶኬት ማካፈያ ላይ መሰካት፣ የድምፅ ኬብሎቹን አንድ ላይ አስሮ ማስኬድ፣ ካልሆነም በድምፅ መስመሩ ላይ (በመብራቱ ላይ አይደለም!) የመለያ ትራንስፎርመር ማስገባት። መሣሪያዎቹ የሚፈቅዱ ከሆነ ባላንስድ መስመር መጠቀም። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ልማድም አለ፤ ሲከፈት ፕሪአምፑ ቀድሞ፣ ፓወር አምፕሊፋየሮቹ በኋላ፤ ሲዘጋ በተቃራኒው። አለዚያ የፕሪአምፑ "ጧ" የሚል ድምፅ በሁሉም ስፒከር ይባዛል።

እንግዲህ ዲፓርትመንታችን ምን ያድርግ? እኔ የምጠይቀው አንድ የላብ ክፍለ ጊዜ ነው፣ ሦስት ሰዓት። የ400 ሄርዝ ሲግናል ወደ ፕሪአምፕ እናስገባ፤ ርካሽ መልቲሜትርም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሊታመን ይችላል። ያለ ጭነት የመውጫውን ቮልቴጅ እንለካ፤ ቀጥሎ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጭነን እንደገና እንለካ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሎ፣ አንድ ቀንሶ፣ በ10 ኪሎ ኦም ማባዛት ነው። ለምሳሌ 1 ቮልት የነበረው 0.94 ቢሆን የመውጫ ኢምፒዳንሱ 640 ኦም ገደማ ነው። ከዚያ ያንኑ በ50 ሄርዝ እንድገመው፤ ቁጥሩ በጣም ከጨመረ የተደበቀው ካፓሲተር ራሱን አጋለጠ ማለት ነው። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት ጭነት እየጨመርን እንሣለው። በመጨረሻም ካልበቃ በቲኤል 072 አይሲ መከላከያ ደረጃ ሠርተን በመውጫው ላይ 100 ኦም ጨምረን እንፈትነው። ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ያሉን ዕቃዎች ይበቃሉ።

"ይሄ እኮ የጠጋኝ ሥራ ነው፣ መሐንዲስ ምን አገባው?" የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛ፣ ጠጋኙ ስህተት ሲመክር የሚያርመው ማን ሊሆን ነው? ሁለተኛ፣ ስሌቱ የድምፅ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን በፕሮጀክታችን የምንጠቀምበት አትሜጋ 328 ቮልቴጅ የሚለካበት መግቢያ የተዘጋጀው 10 ኪሎ ኦምና ከዚያ በታች ለሆነ ምንጭ ነው። መቶ ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ደርድሮ ሴንሰሩን የሰካ ተማሪ "ሴንሰሩ ይዋሻል" ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ምንጩ ጭነቱን መሸከም አቃተው እንጂ። ስለ ብሉቱዝ ዘመን የሚያነሱም አይጠፉም፤ ሽቦው ቢቀርም በየሳጥኑ ውስጥ መውጫ መግቢያን መሸከሙ አልቀረም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ትሕትና የተሞላበት ልመና አለኝ። ፈተና ላይ "የቴቨኒን አቻውን ፈልግ" ከሚለው በተጨማሪ "ይህ መውጫ እነዚህን ሦስት መግቢያዎች ይሸከማል ወይ? ካልተሸከመስ ምን ትላለህ?" ብላችሁ ጠይቁን። ያኔ ቁጥሩን ካገኘን በኋላ ፍርድ መስጠት እንማራለን።

እስከዚያው ድረስ የዲፓርትመንታችን ልጆች ከመሰካታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፤ መውጫው ስንት ኦም ነው? መግቢያዎቹ ተደምረው ስንት ናቸው? ኧርዙስ በቦታው አለ? ሦስቱን የመለሰ ሰው ሁለትም ይሁን አራት አምፕሊፋየር በልበ ሙሉነት ይስካ። ያልመለሰ ግን ጃኩ ስለገባለት ብቻ አይመን።